ኪስ ውስጥ የገባችው ቦርሳ፦ የአንድ የሶቪየት የፖሊስ ፊልም የውስጥ ታሪክ

የፖሊስና የወንበዴ ትግል የሚታይባቸው የቴሌቪዥን ፊልሞች በኪነ ጥበብ ሚዛን ሲመዘኑ አብዛኛውን ጊዜ ቀለው ይገኛሉ። መኪና ይሳደዳል፣ ጥይት ይንጣጣል፣ መስተዋት ይሰበራል፣ በመጨረሻም ወንጀለኛው ይያዛል፤ ተመልካቹም ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ይተኛል። በማግሥቱ የሚያስታውሰው እምብዛም አይኖርም። ከዚህ ዕጣ ካመለጡት ጥቂት ሥራዎች አንዱ በሶቪየት ኅብረት ማዕከላዊ ቴሌቪዥን በ1979 ዓ.ም. ከኖቬምበር 11 ጀምሮ የታየው ባለ አምስት ክፍሉ «የመገናኛው ቦታ አይለወጥም» ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኖቬምበር 10 በዚያ አገር «ሚሊሺያ» ተብሎ የሚጠራው የፖሊስ ሠራዊት በዓሉን የሚያከብርበት ቀን ስለ ነበረ፣ ፊልሙ የበዓል ስጦታ ሆኖ እንዲቀርብ መታሰቡ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ተመልካቹ በእጁ ያገኘው ስጦታ ብቻ ሳይሆን ጥያቄም ነበር።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ1945 በሞስኮ ከተማ ነው። ጦርነቱ ገና ማክተሙ ነው፤ ዳቦ በካርድ ይታደላል፤ የጦር መሣሪያ በየሰው እጅ ተበትኗል። «ጥቁር ድመት» የሚባል የወንበዴ ቡድን የምግብ መጋዘን እየሰበረ፣ ሰው እየገደለ ከተማይቱን ያሸብራል። ከግንባር የተመለሰው ወጣት የቃኚ ጦር መኮንን ቭላዲሚር ሻራፖቭ በሞስኮ የወንጀል ምርመራ መሥሪያ ቤት ተመድቦ ሲመጣ፣ የሥራ መሪው የሚሆነው ግሌብ ዤግሎቭ ነው። ዤግሎቭ ደፋር፣ ብልኅ፣ አንደበተ ርቱዕና የወንጀለኛን ጠባይ እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ መርማሪ ነው። ሻራፖቭ ደግሞ ስለ ሙያው ምንም የማያውቅ፣ ግን ስለ ሰው ሕይወት ክብደት ከጦር ሜዳ የተማረ ሰው ነው። አምስቱ ክፍሎች የሚተርኩት ሁለቱ አብረው ወንበዴዎቹን ማሳደዳቸውን ነው፤ ውስጥ ውስጡን ግን የሚሳደዱት ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ናቸው።

የፊልሙ መሠረት የሆነው የወንድማማቾቹ የአርካዲና የጌኦርጊ ቫይነር ልቦለድ ነው። መጽሐፉ «የምሕረት ዘመን» በሚል ርእስ በመጀመሪያ በ1975 «ስሜና» በተባለው መጽሔት ተከታታይ ሆኖ ወጣ። ታላቅየው አርካዲ ራሱ በሞስኮ የወንጀል ምርመራ ውስጥ የሠራ ሰው ሲሆን፣ ታናሽየው ጌኦርጊ በጋዜጠኝነት የቆየ ነበር። አንዱ የመዝገቡን ዕውቀት፣ ሌላው የብዕሩን ፍጥነት ማዋጣታቸው በገጾቹ ላይ ይታያል። ለአብነት ዤግሎቭ ለአዲሱ ባልደረባው የሚያስተምራቸው ስድስት የምስክር አነጋገር ደንቦች አሉ፤ ለሰው ፈገግታ ማሳየት፣ በትዕግሥት ማዳመጥ፣ ስለ ራሱ እንዲናገር ማድረግና የመሳሰሉት ናቸው። አንዳንድ ተመልካቾች እነዚህ ደንቦች ከመርማሪ መማሪያ ይልቅ የአሜሪካዊውን የዴል ካርኔጊን ምክር ይመስላሉ ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ጥቁር ድመት» የሚለው ስም ከጦርነቱ በኋላ በሞስኮ በሰፊው ይወራ የነበረ ስም ነው። የወሬው ብዛት ከእውነተኛው አደጋ የሚበልጥ እንደ ነበረ፣ በየበሩ ላይ የድመት ሥዕል ይሥሉ የነበሩትም አብዛኛዎቹ የሰፈር ልጆች እንደ ነበሩ ኋላ ታውቋል። በእውነት ሞስኮን ያስደነገጠው የተደራጀ ቡድን የኢቫን ሚቲን ቡድን ሲሆን፣ እርሱም ወንጀሉን የፈጸመው ከ1950 እስከ 1953 ነው። አስገራሚው ነገር የዚህ ቡድን አባላት ከምድር ቤት ጉድጓድ ውስጥ የሚኖሩ የወንጀል ዓለም ሰዎች አለመሆናቸው ነው። በቀን በፋብሪካ የሚሠሩ፣ ስፖርት የሚወዱ፣ አንደኛው እንዲያውም በአቪዬሽን ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚማር ወጣቶች ነበሩ። ጎረቤት የሚያመሰግናቸው ልጆች በመሆናቸው ፖሊስ ለረዥም ጊዜ ሊደርስባቸው አልቻለም። ደራሲዎቹ ግን ይህን ሁሉ ወደ 1945 ስበው፣ ወንበዴዎቹንም በመልካቸውም በቋንቋቸውም ወንበዴ አድርገው አቀረቡ። ይህ ለድራማ የሚመች ምርጫ ነው፤ የሚቲን ታሪክ እንዳለ ቢቀርብ ኖሮ ምናልባት ይበልጥ የሚያስፈራ ፊልም ይወጣው ነበር።

ፊልሙን የሠራው በመንግሥት የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ኮሚቴ ትእዛዝ የኦዴሳ ፊልም ስቱዲዮ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ስታኒስላቭ ጎቮሩኺን፣ የካሜራው ባለሙያ ሊዮኒድ ቡርላካ ነበሩ። ጎቮሩኺን ተራራ መውጣት የሚወድ ሰው ነበር፤ በ1967 ከቦሪስ ዱሮቭ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው «ቨርቲካል» የተባለው ፊልም ስለ ተራራ ወጪዎች የሚናገር ነው። በዚያ ፊልም ከተሳተፉት መካከል ዘፈኖቹን ጽፎ የዘፈነው የሞስኮው የታጋንካ ቴአትር ተዋናይ ቭላዲሚር ቪሶትስኪ ይገኝበታል። ሁለቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጓደኛሞች ሆነው ቆይተዋል።

ቪሶትስኪ በዚያ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ውስጥ እንግዳ የሆነ ዕጣ ነበረው። ድምፁን የማያውቅ ቤት አልነበረም፤ በጊታር የዘፈናቸው ግጥሞች ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተገለበጡ ከአገር ዳር እስከ ዳር ይዞሩ ነበር። በቴሌቪዥንና በማተሚያ ቤት ግን በሩ ለእርሱ እምብዛም አይከፈትም ነበር። የቫይነሮች ልቦለድ እጁ እንደ ገባ፣ ወደ አርካዲ ቤት ሄዶ የዤግሎቭን ቦታ ከወዲሁ ሊይዝ እንደ መጣ መናገሩን ደራሲው ራሱ በኋላ አስታውሷል። በልቦለዱ ውስጥ ያለው ዤግሎቭ ገና ወጣት፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው፤ ቪሶትስኪ ግን ያን ጊዜ አርባ ዓመት ሞልቶታል፣ ቁመቱም መካከለኛ ነው። አንድ ጊዜ ፊልሙ ከታየ በኋላ ግን መጽሐፉን የሚያነብ ሁሉ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው የቪሶትስኪን ፊት ሆነ። ተዋናይ ከደራሲው እጅ ገጸ ባሕርይን ሲወስድ እንዲህ ነው።

ቀረጻው የተጀመረው በ1978 ሜይ 10 ቀን ሲሆን፣ ዕለቱ የቪሶትስኪ ባለቤት የፈረንሳዊቷ ተዋናይት የማሪና ቭላዲ ልደት ነበረ። በዚያን ዕለት የሆነውን ጎቮሩኺን ደጋግሞ ተርኮታል። ማሪና ቭላዲ ዳይሬክተሩን ለብቻው ወስዳ፣ እያለቀሰች፣ ባሏን ከዚህ ሥራ እንዲያሰናብተው ለመነችው። ቪሶትስኪም ቀርቦ የቀረው ዕድሜ ጥቂት እንደ ሆነ፣ ከዚያች ዕድሜ ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ለአንድ ሚና ሊሰጥ እንደማይችል ነገረው። ሰውየው ሊጽፍ ይፈልግ ነበር። ጎቮሩኺን እምቢ ሳይል፣ እሺም ሳይል፣ የቀረጻው ፕሮግራም ለተዋናዩ እንዲመች አድርጎ አደላደለው፤ ቪሶትስኪ ሲጓዝ ያለ እርሱ የሚሠሩት ትርኢቶች ይቀረጹ ነበር፣ ሲመለስ ደግሞ የእርሱ ሥራ ይቀጥላል። በተመልካቹ ዓይን ዤግሎቭ የማያርፍ፣ የማይደክም፣ ሁልጊዜ በኃይል የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ይህን ኃይል ያዋሰው ሰው ጤናው የደከመ ሰው ነበር። ፊልሙ ታይቶ ዓመት ሳይሞላው በ1980 ጁላይ 25 ቀን በ42 ዓመቱ አረፈ።

የዘፈኑም ጉዳይ የሚጠቀስ ነው። ቪሶትስኪ በሚሠራበት ፊልም ውስጥ ዘፈን ይኖራል ብሎ መጠበቅ የተለመደ ነበር፤ እርሱም ቢሆን ይህን ይፈልግ ነበር። ጎቮሩኺን ግን ፈጽሞ አልተቀበለውም። ምክንያቱም ቪሶትስኪ ጊታሩን ባነሣበት ቅጽበት ዤግሎቭ ይጠፋል፤ ተመልካቹ የሚያየው መርማሪውን ሳይሆን ዝነኛውን ዘፋኝ ይሆናል። ከብዙ ክርክር በኋላ የተገኘው ስምምነት ትንሽ ነው፤ ዤግሎቭ ፒያኖ ዳር ተቀምጦ የቬርቲንስኪን የድሮ ዘፈን ቁርጥራጭ እያዜመ፣ በመካከሉ ንግግር እያስገባ ሲያቋርጠው ይታያል። ዘፈኑ ሳይዘፈን ያልቃል። በነገራችን ላይ ዤግሎቭ የፖሊስ የደንብ ልብስ ለብሶ የሚታየው በዚሁ ትርኢት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ቪሶትስኪ የደንብ ልብስ መልበስ እንደማይወድ፣ ዳይሬክተሩ ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ ይልበስ ብሎ እንደ ያዘው ይነገራል። በቀረው ጊዜ ሁሉ የቆዳ ካፖርቱና ቡትስ ጫማው የገጸ ባሕርዩ መለያ ሆነው ቀርተዋል።

ከዤግሎቭ ይልቅ ችግር የፈጠረው የሻራፖቭ ሚና ነበር። የተመረጠው ቭላዲሚር ኮንኪን በ1973 በቴሌቪዥን በቀረበው «ብረቱ እንዴት እንደ ተፈተነ» በሚለው ፊልም ፓቬል ኮርቻጊንን ሆኖ በመጫወቱ ስሙ የታወቀ ወጣት ነበር። ደራሲዎቹ ግን ለስላሳ ፊቱን አይተው አልወደዱትም፤ ከጠላት መስመር ጀርባ ደጋግሞ የገባ የቃኚ ጦር አዛዥ እንዲህ አይመስልም ባይ ነበሩ። ከቪሶትስኪ ጋርም ቢሆን መግባባት አልሆነላቸውም፤ ሁለቱ የመጡበት የትወና ትምህርት ቤትም፣ የሥራ ፍጥነታቸውም የተለያየ ነበር። ኮንኪን ራሱ ኋላ እንዳወሳው፣ አንድ ቀን ተስፋ ቆርጦ ሻንጣውን ይዞ ሊሄድ ተነሣ። በዚያች ሰዓት ወደ ሆቴል ክፍሉ የገባው ወንበዴውን ሌቭቼንኮን የሚጫወተው ቪክቶር ፓቭሎቭ ነው። ፓቭሎቭ ከነገሩ ጋር ግንኙነት የሌለው መስሎ ስክሪፕቱን አንሥቶ ያነበንብለት ጀመር፤ ትርኢቱ እንዴት የሚያምር እንደ ሆነ እየነገረ፣ ወጣ ብለው እየተንሸራሸሩ አረጋጋው። ኮንኪንም ቀረ። ይህ ሁሉ ከፊልሙ ታሪክ ጋር ያለው መመሳሰል ለማመን ያስቸግራል፤ በፊልሙም ሻራፖቭ በወንበዴዎቹ ዋሻ ውስጥ ብቻውን ሞት ፊት ለፊት በቆመ ጊዜ፣ ማንነቱን እያወቀ አሳልፎ ያልሰጠው ሰው ይኸው ሌቭቼንኮ ነው።

ደራሲዎቹ የጠሉት ለስላሳ ፊት በመጨረሻ ሥራ ላይ ዋለ። ሻራፖቭ ሾፌር መስሎ ወንበዴዎቹ መካከል ሲገባ፣ እጁ የሾፌር እጅ አይደለም ብለው ይጠረጥሩታል፤ እርሱም ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የሾፐንን ሥራ በመጫወት ጥርጣሬያቸውን ለመመለስ ይሞክራል። ፊቱ ሸካራ፣ አንገቱ ወፍራም የሆነ ተዋናይ በዚያ ቦታ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ትርኢቱ ያን ያህል ልብ አይሰቅልም ነበር።

የፊልሙ ሀብት ግን ከዋነኞቹ ይልቅ በትንንሾቹ ሚናዎች ላይ ይገኛል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የወንበዴዎቹን አለቃ ጎባጣውን እንዲጫወት በመጀመሪያ የታሰበው ሮላን ቢኮቭ ነበር፤ እርሱ ሲታመም ሚናው ለአርመን ጂጋርኻንያን ተሰጠ። ጂጋርኻንያን በፊልሙ የሚታየው በመጨረሻው ላይ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ድምፁን ሳያነሣ፣ ከወንበሩ ብዙ ሳይንቀሳቀስ፣ ሌሎቹ ወንበዴዎች በአራት ክፍል ውስጥ ያላሳዩትን ፍርሃት በተመልካቹ ልብ ውስጥ ይተክላል። ፎክስ የተባለውን መልከ መልካም ነፍሰ ገዳይ ቦሪስ ኺሚቼቭ ይጫወተው ዘንድ ቀረጻ ተጀምሮ ነበር፤ ኋላ ሚናው ወደ አሌክሳንደር ቤልያቭስኪ ተላለፈ። ቤልያቭስኪ የመጣው በድንገት ተጠርቶ ነው፤ ሆኖም ሌላ ፎክስ ይኖር ነበር ብሎ ማሰብ ዛሬ ያዳግታል። ላሪሳ ኡዶቪቼንኮ ደግሞ የሻራፖቭን ፍቅረኛ ቫሪያን እንድትጫወት ብትጠየቅ፣ ደግ ልጃገረድ መሆኑ ሰልችቷት ኖሮ፣ ማንካ የተባለችውን የወንጀለኞች ወዳጅ ሴተኛ አዳሪ ስጡኝ አለች። ማንካ በፖሊስ ጣቢያ የራሷን ቃል ስትጽፍ ቅጽል ስሟ የሚጻፍበትን ፊደል ለዤግሎቭ ትጠይቃለች፤ ዤግሎቭም ኮስተር ብሎ የተሳሳተውን ፊደል ይነግራታል። ተዋናይቷ በእርግጥ አጻጻፉ ጠፍቷት በካሜራ ፊት እንደ ጠየቀች፣ ቪሶትስኪም ከሚናው ሳይወጣ እንደ መለሰላት ይነገራል። ቫሪያን የተጫወተችው ናታልያ ዳኒሎቫ ስትሆን፣ በፊልሙ የሚሰማው ግን የእርሷ ድምፅ አይደለም፤ ሌላ ተዋናይት፣ ናታልያ ሪቻጎቫ፣ ተክታዋለች።

ኢቫን ቦርትኒክ የተጫወተው ፕሮሞካሽካ የሚባለው ትንሽ ወንበዴ በስክሪፕቱ ላይ ጥቂት ቃል ብቻ የነበረው ሰው ነው። ቦርትኒክ አረማመዱን፣ አተፋፉን፣ የሚያንጎራጉረውን ከራሱ እየፈጠረ ሞላው፤ ዛሬ የፊልሙን ስም የሚያነሣ ሁሉ ከሚያስታውሳቸው መካከል አንዱ እርሱ ነው። በአደገኛዎቹ ትርኢቶች የሠሩት አክሮባቶች ግን ፊታቸው የማይታይ በመሆኑ እንዲህ ያለ መታወስ አላገኙም። ፎክስ በምግብ ቤት ውስጥ ሲከበብ አስተናጋጇን በመስኮት መስተዋት ወርውሮ እርሱ በዚያው ቀዳዳ ያመልጣል፤ በቀሚስ ሆና መስተዋቱን ሰብራ የምትወድቀው «ሴት» ቀሚስ የለበሰ ወንድ እንደ ነበረ ተመልካቹ አላወቀም፣ ማወቅም አይገባውም ነበር።

ፊልሙ ሲታቀድ ሰባት ክፍል ነበረ። የቴሌቪዥን ኃላፊዎች እንዲያጥር በመጠየቃቸው ወደ አምስት ዝቅ አለ። ከተቆረጡት መካከል ሻራፖቭና ሌቭቼንኮ በጦር ሜዳ አብረው ሲዋጉ የሚያሳየው ክፍል ይገኛል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ሌቭቼንኮ የቅጣት ጦር ወታደር ሆኖ ከሻራፖቭ ጋር ሞት የተካፈለ ሰው መሆኑን ተመልካቹ በዓይኑ ቢያይ ኖሮ፣ በመጨረሻ የሚሆነው ነገር በእጥፍ ይከብደው ነበር። አሁን ባለው መልኩ ይህን የምንረዳው ከጥቂት ቃል ነው። የልቦለዱ ርእስ «የምሕረት ዘመን» የሚለውም ተለውጦ «የመገናኛው ቦታ አይለወጥም» ሆነ። አዲሱ ርእስ ለጀብዱ ፊልም ይስማማል፤ የመጽሐፉን ልብ ግን ከደጃፉ ላይ አንሥቶ ወደ ጓዳ አስገብቶታል።

ያ ልብ የሚገኘው በጋራ መኖሪያ ቤቱ ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። የሻራፖቭ ጎረቤት ሽማግሌው ሚኻይል ሚኻይሎቪች፣ ዚኖቪ ጌርድት የሚጫወተው፣ ከሁለቱ ፖሊሶች ጋር ሻይ እየጠጣ ወንጀል የሚሸነፈው በቅጣት መሣሪያ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሰው ኑሮ በተፈጥሮ ሂደቱ ሲሻሻልና ምሕረት ሲነግሥ እንደ ሆነ ይናገራል። ጌርድት በጦርነቱ ክፉኛ ቆስሎ ዕድሜውን ሙሉ ያነክስ የነበረ ሰው ነው፤ ስለ ምሕረት ሲናገር ቃሉ ከአፉ ብቻ የሚወጣ አይመስልም። ዤግሎቭ የሚመልስለት በቀልድ ነው። ተመልካቹም በመጀመሪያ ከዤግሎቭ ጋር ይስቃል።

ወደ ቦርሳዋ ነገር የሚያደርሰውም ይኸው ነው። ዤግሎቭና ሻራፖቭ «ጡብ» የሚል ቅጽል ስም ያለውን የታወቀ ኪስ አውላቂ በትራም ውስጥ ይከታተላሉ። ስታኒስላቭ ሳዳልስኪ እየተኮላተፈ የሚጫወተው ይህ ሌባ የአንዲት ሴት ቦርሳ ይሰርቃል፤ ሊያዝ ሲል ግን ጥሎት እጁን ባዶ ያደርጋል። ማስረጃ የለም። ዤግሎቭ ቦርሳዋን ከወደቀችበት አንሥቶ ሌባው ሳያውቅ ልብሱ ውስጥ ይከትበታል፤ ጣቢያ ደርሰው በምስክር ፊት ሲፈተሽ ትገኛለች። ሌባው ይጮኻል፤ ጩኸቱም በዚህች አንዲት ጉዳይ እውነት ነው። በዚህ ዘዴ የተጠመደው ሰው ስለ አንድ የተሰረቀ አምባር የሚያውቀውን ይናገራል፤ የግድያው ምርመራም ወደ ፊት ይራመዳል።

ሻራፖቭ ግን ዝም አይልም። ሕግ አንድ ጊዜ ከታጠፈ ሁለተኛም ይታጠፋል፣ በምርመራው ውስጥ ያለው ቀዳዳ ሁሉ በእርሱ እየተደፈነ ሲሄድ ሕግነቱ ቀርቶ የወንበዴ ዱላ ይሆናል የሚል ነው ክርክሩ። በአገራችን ሰው በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ የሚያቆመው ያን ዱላ ነው። የዤግሎቭ መልስ አጭርና ብርቱ ነው፤ ሌባ ቦታው እስር ቤት ነው፤ የተዘረፈው ሕዝብ ደግሞ እንዴት እንደ ገባ አይጠይቅም። ከዚህ መልስ በኋላ የፊልሙ ዕድል የተወሰነ ይመስላል። ከታየበት ቀን ጀምሮ ሚሊዮኖች የዤግሎቭን አባባል እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር ይዘው ቀሩ፤ የሻራፖቭን መልስ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። የዚህ ምክንያት በከፊል የቪሶትስኪ ችሎታ ነው። እርሱ የዤግሎቭን ጥፋት አልደበቀም፤ ነገር ግን ጥፋቱን እንኳ የሚወደድ አደረገው።

ፊልሙ ግን ለዤግሎቭ መልስ መልስ አለው፤ በንግግር ሳይሆን በታሪኩ አካሄድ። የሐኪሙ የግሩዝዴቭ ጉዳይ ነው። የቀድሞ ሚስቱ ተገድላለች፤ ሽጉጡም እርሱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ተገኝቷል። ዤግሎቭ ገዳዩ ግሩዝዴቭ ስለ መሆኑ ጥርጥር የለውም፤ ሰውየውን እስር ቤት አስቀምጦ እንዲያምን ያስጨንቀዋል። ሽጉጡን እዚያ ያስቀመጠው ግን እውነተኛው ነፍሰ ገዳይ ፎክስ ነው። ሁለቱን ትርኢቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው፣ ፎክስ በሐኪሙ ላይ ያደረገውና ዤግሎቭ በኪስ አውላቂው ላይ ያደረገው አንድ ሥራ መሆኑን ይረዳል፤ ሁለቱም ማስረጃውን ሰው ላይ አስቀምጠዋል። ልዩነቱ አንደኛው የታሰረው ሌባ፣ ሌላው ንጹሕ መሆኑ ብቻ ነው፤ ይህንንም ልዩነት ያወቀው በዘዴ ሳይሆን በትዕግሥት የሠራው ሻራፖቭ ነው። ግሩዝዴቭ ሲፈታ ዤግሎቭ ይቅርታ አይጠይቅም።

በዚህ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ነገር ይበልጥ ያስደንቃል። ግሩዝዴቭን የተጫወተው ሰርጌይ ዩርስኪ ነው። ጎቮሩኺን ለፊልም ፌስቲቫል ከአገር ውጭ በሄደበት ጊዜ የዳይሬክተሩን ሥራ ለቪሶትስኪ አደራ ሰጥቶ ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ቪሶትስኪ ከቀረጻቸው ትርኢቶች ዋነኛው የግሩዝዴቭ ምርመራ ነው። ሥራውን ከተመደበለት ጊዜ ባነሰ ቀን እንደ ጨረሰ፣ ከኋላም ሲያነሣው በደስታ እንደ ነበረ ጎቮሩኺን ተናግሯል። ስለዚህ ዤግሎቭ ንጹሑን ሰው የሚያስጨንቅበትን፣ የሚጮኽበትንና ክፉኛ የሚሳሳትበትን ትርኢት ያቀናበረው ራሱ ዤግሎቭን የሚጫወተው ሰው ነው። ለራሱ ገጸ ባሕርይ አላዳላም። በዚያ ክፍል ካሜራው የዩርስኪን ፊት በቂ ጊዜ ሰጥቶ ያሳያል፤ የተመልካቹ ልብ ከጀግናው ተለይቶ ወደ ታሳሪው የሚሄደው በዚህ ጊዜ ነው።

መጨረሻውም በልቦለዱና በፊልሙ አይገጥምም። በመጽሐፉ ቫሪያ በሥራ ላይ ትገደላለች፤ ሻራፖቭ ወንበዴዎቹን አስይዞ ሲመለስ የሚጠብቀው ባዶ ቤት ነው። ጎቮሩኺን ይህን አልፈለገም። በፊልሙ ሻራፖቭ ተጥሎ የተገኘውን ሕፃን አቅፋ በመስኮት ዳር የቆመችውን ቫሪያን በሕይወት ያገኛታል። ለተመልካቹ ከአምስት ክፍል ጭንቀት በኋላ እንዲህ ያለ ማረፊያ መስጠቱን የሚነቅፍ ሰው ይኖራል፤ እርግጥም የልቦለዱ ሐዘን ይበልጥ እውነት ነው። የሌቭቼንኮን ሞት ግን ዳይሬክተሩ አልነካውም። ወንበዴዎቹ እጃቸውን ሰጥተው አንድ በአንድ ሲወጡ፣ ሌቭቼንኮ ከበረዶው ላይ ተነሥቶ ይሮጣል፤ ሻራፖቭ እንዳይተኮስ ይጮኻል፤ ዤግሎቭ አነጣጥሮ ይጥለዋል። ለአንዱ የወደቀው ሰው ነው፣ ለሌላው ወንበዴ ነው። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ምን ተባብለው እንደ ኖሩ ፊልሙ አይናገርም።

ፊልሙ በሚታይባቸው ምሽቶች መንገዶች ባዶ ሆነው ነበር፣ ሌባ እንኳ ሥራ ፈትቶ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነበር የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። እንዲህ ያለ ወሬ ስለ ብዙ ተወዳጅ ፊልም ስለሚነገር ብዙ ክብደት ሊሰጠው አይገባም። የተረጋገጠው ይህ ነው፤ በሕይወት ሳለ ከመንግሥት ሽልማት ያላገኘው ቪሶትስኪ በ1987 የሶቪየት ኅብረት የመንግሥት ሽልማት ተሰጠው፣ ከሞተ ሰባት ዓመት በኋላ። የሽልማቱ ምክንያት ሆኖ የተጻፈው የዤግሎቭ ሚናና የራሱ ዘፈኖች ናቸው። በፊልሙ እንዳይዘፍን የተከለከለው ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ከሁለቱ ጋር ተመሰገነ።

በ2009 ደግሞ በኪየቭ ከተማ፣ በዩክሬን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አጠገብ፣ የዤግሎቭና የሻራፖቭ ሐውልት ቆመ። ፖሊሶቹ ለመታሰቢያ የመረጡት አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ነው፤ ቦርሳዋን ኪስ ውስጥ የከተተውንና አይሆንም ያለውን ጎን ለጎን።